ባለቤቱ መንግሥት የነበረ ቆሻሻ፦ የጥቁር ውሃና የሐዋሳ ሐይቅ ዕዳ

የሐዋሳ ሐይቅ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ከሚገኙት ሐይቆች መካከል በስፋቱ አነስተኛ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጦ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ቦታ ይሸፍናል፤ እጅግ በጠለቀበት ስፍራም ጥልቀቱ 22 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ሐይቁ የሚገኘው በዝግ ተፋሰስ ውስጥ ነው፤ ይህም ማለት ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ከሐይቁ ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ የሚፈስ ወንዝ የለም ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ሳይነጥፍ የሚገባበት ወንዝም አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ከወንዶ ገነት በኩል የሚወርዱትን ጅረቶች የጨለለቃ ረግረግ ከሰበሰባቸው በኋላ ይዟቸው የሚመጣው ጥቁር ውሃ ነው። በዚህ ምክንያት በተፋሰሱ ውስጥ የተጣለና ውሃ ሊሸከመው የሚችል ማንኛውም ነገር፣ አፈርም ይሁን ማዳበሪያ፣ የቀለም ዝቃጭም ይሁን ከባድ ብረት፣ የመጨረሻ ማረፊያው ያው ሐይቅ ነው። በአዋሽ ወይም በዓባይ ተፋሰስ የተለቀቀ ቆሻሻ ቢያንስ ከለቀቀው ሰው ፊት ይርቃል፤ በሐዋሳ ግን ቆሻሻው ከለቀቀው ከተማ አይለይም፤ የማጽዳቱ ወጪ የማን ነው የሚለው ጥያቄም እንደዚሁ ከከተማው አይለይም።

ከተማዋ ራሷ የመንግሥት ሥራ ውጤት ናት። የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ይርጋለም በነበረችበት ጊዜ፣ በራስ መንገሻ ሥዩም የአስተዳደር ዘመን አዲሱ ከተማ በሐይቁ ዳርቻ በ1952 ዓ.ም. ተቆረቆረ፤ ጡረታ ለወጡ ወታደሮችም በአካባቢው መሬት ተሰጠ። ቀጥ ባሉት ሰፋፊ ጎዳናዎቿ የምትታወቀው ሐዋሳ ኋላ የሲዳሞ፣ ከዚያም የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል፣ በመጨረሻም ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆነች። በዚህ ሁሉ የስም ለውጥ ውስጥ ያልተለወጠው ነገር በመሬቱና በውሃው ላይ የመጨረሻው ቃል የመንግሥት መሆኑ ነው። በ1967 ዓ.ም. ጥር ወር ታላላቅ ኢንዱስትሪዎች በአዋጅ ወደ መንግሥት ከተዛወሩ በኋላ፣ መንግሥት ከአስተዳዳሪነት አልፎ ዋነኛው የፋብሪካ ባለቤት ሆነ፤ በሐዋሳ የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም የዚያ ዘመን ልጅ ነው።

የፋብሪካው ቦታ አመራረጥ ለዘመኑ መሐንዲስ አሳማኝ ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ ጥቁር ውሃ ደግሞ በበጋም አይደርቅም። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ወደ ከተማዋ የሚገባው የአስፋልት መንገድም በዚያው በኩል ያልፋል። የሴራሚክ፣ የለስላሳ መጠጥ፣ ቆይቶም የቢራ ፋብሪካዎች በከተማዋና በዙሪያዋ የተተከሉት በተመሳሳይ ስሌት ነው፤ ውሃና መንገድ ባሉበት ፋብሪካ ይተከላል። በስሌቱ ውስጥ ያልተቆጠረው ነገር ውሃው ከፋብሪካው ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ ነው፤ መልሱ ግን ካርታ ላይ ለተመለከተ ሁሉ ግልጽ ነበር፤ ወንዙ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ ሐይቁ ውስጥ ይገባል።

የጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ ምን እንደሚይዝ መረዳት ለጉዳዩ ክብደት አስፈላጊ ነው። ድሩ በሽመናው ጊዜ እንዳይበጠስ በስታርች ይቀባል፤ ከዚያ ጨርቁ ስታርቹንና የጥጡን ሰም ለማስለቀቅ በኮስቲክ ሶዳ ይቀቀላል፣ ይነጣል፣ በመጨረሻም ቀለም ይነከራል፤ ቀለሙ ከክሩ ጋር እንዲያያዝም ብዙ ጨው ይጨመራል። በእያንዳንዱ ደረጃ የሚታጠበው ውሃ የተረፈውን ሁሉ ይዞ ይወጣል። ስታርቹና ሌሎች ኦርጋኒክ ቁሶች በውሃው ውስጥ ሲበሰብሱ ዓሣና ሌሎች ሕያዋን የሚተነፍሱትን ኦክስጅን ይሻማሉ፤ ኮስቲኩ የውሃውን አልካላይነት ከፍ ያደርጋል፤ ጨው ግን አይበሰብስም፣ አይተንምም፤ ዝግ በሆነ ሐይቅ ውስጥ ከመከማቸት ሌላ ዕድል የለውም። አንዳንድ ማቅለሚያዎች የሚይዟቸው ክሮሚየምና መዳብን የመሳሰሉ ብረቶች ደግሞ ከደለሉ ጋር ተጣብቀው በወንዙና በሐይቁ ወለል ላይ ይቀመጣሉ።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀድሞ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው ተቋም፣ ያስተምሩ የነበሩት የሐይቆች ሥነ ሕይወት ተመራማሪው ዝናቡ ገብረ ማርያም ከዘሪሁን ደስታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ፍሳሽ ኬሚካዊ ይዘትና በውሃ ውስጥ ሕይወት ላይ ያለውን ጉዳት አሳይተዋል፤ ዝናቡ በቀጣዩ ዓመት ከአንድ የውጭ አገር ባልደረባቸው ጋር በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና በገባሮቻቸው ውስጥ ያሉትን ከባድ ብረቶች መጠን አጥንተዋል። ዘሪሁን ደስታ ኋላ ባካሄዱት ጥናትም በሐይቁ ከሚሰገሩት ዓሦች መካከል ሌሎች ዓሦችን የሚበላው ቢልጫ፣ አልጌ ከሚመገበው ቆሮሶ ይልቅ ብዙ ሜርኩሪ በሥጋው እንደሚያከማች ተረጋግጧል። እነዚህ ሥራዎች የተሠሩት ከሐይቁ ጥቂት ርቀት ላይ በሚገኝ፣ መንግሥት ራሱ ባቋቋመውና በሚያስተዳድረው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም፤ መንግሥት አንዱ ክንዱ ያመረተውን ቆሻሻ በሌላው ክንዱ ሲለካ ኖሯልና፣ ነገሩ አልታወቀም ነበር የሚል መከላከያ ከእነዚህ ዓመታት በኋላ ሊያቀርብ አይችልም።

የሕጉ ታሪክ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ወደ ኋላ ይዘልቃል። ከተማዋ በተቆረቆረችበት በዚያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2069 ፈንጂ ወይም መርዛም ነገሮችን የሚጠቀም፣ ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ፣ ወይም እጅግ አደገኛ የሆነ የኢንዱስትሪ ሥራ የሚያከናውን ሰው በዚህ ምክንያት በሌላው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። የዚሁ አንቀጽ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ጉዳት አድራሹ መንግሥት ቢሆንም ወይም መንግሥት ለጉዳት አድራሹ ፈቃድ ሰጥቶት የነበረ ቢሆንም ድንጋጌው እንደሚጸና ያክላል። በዚህ መሠረት የኢትዮጵያ ሕግ፣ አካባቢ ጥበቃ የሚለው አነጋገር በአገሪቱ ከመለመዱ ከአንድ ትውልድ በፊት፣ ባለቤትነትም ሆነ ፈቃድ ሰጪነት መንግሥትን ከኃላፊነት እንደማያድነው አስቀምጦ ነበር። የድንጋጌው ድክመት ከሳሽ መፈለጉ ነው፤ ሐይቅ አይከስም፤ ዓሣው የቀነሰበት አስጋሪም የዓመታት ጉዳቱን ለፍርድ ቤት በሚበቃ ማስረጃ ከአንድ የፍሳሽ ቱቦ ጋር ማያያዝ አይሆንለትም።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሲያገኙ፣ መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎችም ተመጣጣኝ ካሣ ወይም ሌላ ማካካሻ የማግኘት መብት ተሰጣቸው፤ አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመጠበቅ ግዴታን በመንግሥትና በዜጎች ላይ በአንድነት ጣለ። በ1989 ዓ.ም. የጸደቀው የአካባቢ ፖሊሲ ብክለት ያደረሰ ወጪውን ይሸከም የሚለውን መርሕ ተቀበለ፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ይህን መርሕ ወደ ሕግ ግዴታ ለወጠው። በአዋጁ መሠረት ብክለት ያደረሰ ማንኛውም ሰው የበከለውን አካባቢ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ይገደዳል፤ ጉዳቱ በቀጥታ የራሱን ጥቅም መንካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገውም ማንኛውም ሰው አቤቱታ ሊያቀርብ ይችላል።

መርሑ ፍትሐዊ ነው፤ ሆኖም በሐዋሳ ሁኔታ ሲፈተን አንድ ክፍተት ይታያል። አዋጁ ሲወጣ በጥቁር ውሃ ወለል ላይ የተከማቸው ዝቃጭ አሥር ዓመታት አልፎታል፤ ያ ዝቃጭ በተለቀቀበት ጊዜ የፋብሪካው ባለቤት መንግሥት ነበር፤ ትርፉ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባ ነበር፤ ፋብሪካውን ሊቆጣጠር የሚችለውም ያው መንግሥት ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 ደግሞ ቀድሞ ለነበሩ ፋብሪካዎች የአምስት ዓመት የእፎይታ ጊዜ ሰጠ። የእፎይታው ዓላማ ማጣሪያ ጣቢያ እንዲሠሩ ዕድል መስጠት በመሆኑ በራሱ የሚነቀፍ አልነበረም፤ ነገር ግን በእነዚያ አምስት ዓመታት የሚፈሰው ቆሻሻ ወጪ በማን ላይ እንደሚያርፍ አልተነገረም፤ ሕግ ዝም ሲል ደግሞ ወጪው ውሃውን በሚጠጣውና ዓሣውን በሚሰግረው ሕዝብ ላይ ያርፋል።

የመንግሥት ድርጅቶች ወደ ግል ሲዛወሩ ክፍተቱ ይበልጥ ሰፋ። ሽያጩ በሁለት መንገድ ሊከናወን ይችላል፤ በአክሲዮን ሽያጭ ድርጅቱ ሕጋዊ ሰውነቱን እንደያዘ ዕዳና መብቱ አብሮት ይሻገራል፤ በንብረት ሽያጭ ግን ገዢው ማሽኑንና ሕንፃውን ይወስድና የቀድሞው ዕዳ ከሻጩ ጋር ይቀራል። የሁለቱም መንገዶች መነሻ በሒሳብ መዝገብ ላይ የሰፈረ ዕዳ ነው፤ የባንክ ብድር፣ ግብርና የሠራተኛ ደመወዝ በመዝገብ ይታያሉ፤ በወንዝ ወለል ላይ የተኛ ክሮሚየም ግን ማንም ካልለካውና የማጽጃ ዋጋውን ካልተመነው በስተቀር በመዝገብ ላይ አይታይም። ገዢው ስላልነበረበት ዘመን መጠየቅ የለበትም ቢባል ምክንያታዊ ነው፤ እንግዲያውስ የሚጠየቀው ሻጩ ነው፤ ሻጩም መንግሥት ነው። ከሽያጩ ገንዘብ የተወሰነው ክፍል ለጽዳት ተለይቶ ቢቀመጥ ኖሮ፣ ገዢዎችም ዛሬ ለሚለቁት ብቻ ያለ ማመካኛ በተጠየቁ ነበር፤ የቀድሞው ዕዳ ባለቤት አልባ ሆኖ እስከቀረ ድረስ ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ ጣቱን ወደ ጎረቤቱና ወደ ትናንት መቀሰር ይችላል።

ጥያቄው ከጨርቃ ጨርቅ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በማዕድን ሥራ ነው፤ ሐዋሳም ለዚህ ባዕድ አይደለችም፤ ምክንያቱም የአዶላ የወርቅ ምድር ለረጅም ጊዜ መቀመጫው ሐዋሳ በነበረው በሲዳሞ አስተዳደር ሥር ነበር። በዚያው በጉጂ ምድር የሚገኘው የቀንጢቻ የታንታለም ማዕድን እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በመንግሥት ድርጅት ሲመረት ቆይቷል። ታንታለም ለስልክና ለኮምፒውተር ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ክፍሎች መሥሪያ የሚፈለግ ብረት ሲሆን፣ የሚገኝባቸው ክሪስታሎች በተፈጥሯቸው ዩራኒየምና ቶሪየም ይሸከማሉ። የቀንጢቻው ምርት የዩራኒየም መጠን ከፍ ማለቱ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሥራው እንዲቆም ምክንያት ሆኗል። ዓለም አቀፉ የጨረር አመንጪ ቁሶች ማጓጓዣ ደንብ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነውን ማዕድን እንደ ተራ ጭነት ስለማይቀበል፣ መንግሥት አፈሩን ቆፍሮ ያወጣው ነገር ተሸጦ ከመውጣቱ በፊት የጥንቃቄ ወጪ ይዞ መጣ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሥፍራው ያለው ሊቲየም አዳዲስ ባለሀብቶችን ሲስብ፣ በመንግሥት ዘመን የተከመረው የማዕድን ዝቃጭ ቁልል ኃላፊነት በውሉ ውስጥ በማን ስም እንደሚጻፍ መወሰን ከሮያሊቲው መጠን ያላነሰ ነገር ነው።

በዩራኒየም ቆሻሻ ላይ ያለው ችግር የጊዜ ነው። ዩራኒየሙ ከድንጋዩ ተለይቶ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ የመጀመሪያውን ድንጋይ ጨረር 85 በመቶ ያህል ይዞ ይቀራል፤ ከሚቀሩት ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው ራዲየም 226 ጨረሩ በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመታት ይፈጅበታል። ይህን ያህል ዘመን የሚኖር ኩባንያ የለም፤ ስለዚህ ሌሎች አገሮች ወጪውን በመንግሥት ላይ ለማሳረፍ ተገደዋል። በምሥራቅ ጀርመን ቪስሙት የተባለው የሶቭየትና የጀርመን የጋራ ድርጅት እስከ እ.ኤ.አ. 1990 ድረስ 231,000 ቶን ገደማ ዩራኒየም ካወጣ በኋላ፣ የተዋሐደችው ጀርመን ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1991 ድርጅቱን ተረክቦ ለጽዳቱ 13 ቢሊዮን የጀርመን ማርክ መደበ፤ ማዕድኑን ያወጣው ሌላ መንግሥት፣ ሌላ ሥርዓት፣ ሌላ ርዕዮተ ዓለም ነበር፤ ዕዳው ግን መሬቱን ከወረሰው ጋር ሄደ። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ሕግ ሥራ ያቆሙ የዩራኒየም ማጣሪያ ቦታዎችን የማጽዳት ወጪ 90 በመቶውን የፌዴራል መንግሥት፣ 10 በመቶውን ግዛቶች እንዲከፍሉ አደረገ፤ መከራከሪያው ቀላል ነበር፤ የዩራኒየሙ ዋነኛ ገዢ መንግሥት ነበር፤ የተጠቀመ ይክፈል የሚል ነው።

ኢትዮጵያ በጨረር ጉዳይ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አላት፤ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም ባለፈቃዱ አካባቢውን መልሶ ለማቋቋም የሚውል ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድዳል። የለገደንቢ ታሪክ ግን ገንዘቡ አስቀድሞ ካልተያዘ ምን እንደሚሆን ያሳያል። መንግሥት የከፈተው ይህ የወርቅ ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ሚድሮክ ለተባለ የግል ኩባንያ ተሸጠ፤ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የአካባቢው ሕዝብ በጤናው ላይ ደረሰ ያለውን ጉዳት በመቃወም ሲነሣ ፈቃዱ ታገደ። ሕዝቡ ጥያቄውን ያቀረበው ለኩባንያው ብቻ አልነበረም፤ ፈቃዱን ለሰጠውና ላደሰው መንግሥትም ነበር፤ ይህም በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መንፈስ ትክክለኛ አድራሻ ነው።

ሐዋሳ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ ስትቀበል ታሪኩ አቅጣጫውን ለወጠ። 130 ሄክታር ላይ ያረፈውና 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀው ይህ ፓርክ የፌዴራሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ንብረት ሲሆን፣ ከጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ሼዶቹ የሚወጣው ውሃ ወደ ጥቁር ውሃ እንዳይለቀቅ ዜሮ ፈሳሽ ልቀት በሚባለው ዘዴ የሚሠራ ማጣሪያ ተተክሎለታል። በዚህ ዘዴ ፍሳሹ መጀመሪያ በባክቴሪያዎች አማካይነት ከኦርጋኒክ ቁሶች ይጸዳል፤ ቀጥሎ በከፍተኛ ግፊት ጨውን በማያሳልፍ ስስ ወንፊት ውስጥ ያልፋል፤ የቀረው ጨዋማ ውሃ በሙቀት ይተንና ጨዉ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ የጠራው ውሃም ተመልሶ ለፋብሪካዎቹ ይውላል። ለዝግ ተፋሰስ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አይገኝም፤ መንግሥትም ከጉዳቱ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ በራሱ ወጪ መትከሉ ሊመሰገንበት የሚገባ ውሳኔ ነው፤ ከሠላሳ ዓመታት በፊት እዚያው ወንዝ ዳር የተዘለለውን ግዴታ በተግባር አምኗልና።

ነገር ግን ማጣሪያውን መትከልና ማንቀሳቀስ የተለያዩ ወጪዎች ናቸው። የግፊቱ ፓምፖችና ማትነኛዎቹ ብዙ ኃይል ይፈጃሉ፤ የሥራ ማስኬጃው ከፓርኩ ተከራዮች እንዲሸፈን ሲታሰብ ተከራይ እንደሚኖር ታምኖ ነው። በ2014 ዓ.ም. የፓርኩ ትልቁ ደንበኛ፣ የአልባሳት ኩባንያው ፒ.ቪ.ኤች.፣ ከኢትዮጵያ ሲወጣና አሜሪካ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ኢትዮጵያን ስታስወጣ፣ ይህ እምነት ምን ያህል በውጭ ውሳኔ ላይ የቆመ እንደነበር ታየ። ተከራዮች ሲያንሱ በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው ክፍያ ይጨምራል፤ ክፍያው ሲከብድ ማጣሪያውን ማቋረጥ ይፈትናል፤ በዚያ ጊዜ ጉድለቱን የመሙላት ግዴታ የንብረቱ ባለቤት የሆነው ኮርፖሬሽን፣ ማለትም የመንግሥት ነው። ደርቆ የሚቀረው ጨውና ዝቃጭም አይጠፋም፤ በየዓመቱ እየተከማቸ ሲሄድ ዝናብ የማይነካው ማስቀመጫ ያስፈልገዋል፤ ያ ማስቀመጫ ከተዘነጋ ወንዝ ያልወሰደውን ጎርፍ ይወስደዋል።

ኃላፊውን መለየት በቅርቡ ከተደረጉት የአስተዳደር ለውጦች በኋላ ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል። የሐይቁ ተፋሰስ በሲዳማና በኦሮሚያ ክልሎች መካከል የተከፈለ ነው፤ የቀድሞው ደቡብ ክልል በሐዋሳ የነበረውን ሥልጣን ለሲዳማ ክልል አስረክቧል፤ በሐዋሳ መቀመጫውን አድርጎ የነበረው የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ ባለሥልጣንም በተከታታይ የመዋቅር ለውጥ አልፎ ሥራው በውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር ገብቷል። በእያንዳንዱ ርክክብ ሕንፃ፣ ተሽከርካሪና ሠራተኛ ተቆጥሮ ይተላለፋል። በጥቁር ውሃና በሐይቁ ወለል ላይ ያለው ዝቃጭም እንዲሁ መቆጠር አለበት፤ ምን ያህል እንደሆነ፣ በየትኛው ዘመን እንደተጠራቀመ፣ ለማንሣት ወይም ባለበት ለመሸፈን ምን ያህል እንደሚፈጅ ተለክቶ፣ በመንግሥት ባለቤትነት ዘመን የተለቀቀው ድርሻ በፌዴራሉ ግምጃ ቤት ስም፣ ከዚያ በኋላ የተለቀቀው ደግሞ በየባለቤቱ ስም ሊመዘገብ ይገባል። መለካቱን የሚያውቁ ሰዎች በከተማው ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ ክፍያ ለመጠየቅ የሚያስችለውም ድንጋጌ በአዋጅ ቁጥር 300 ውስጥ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል።